ጎርፍ ላፈናቀለው ወገን ምን እንላክ? እንዴትስ እናድርስ?

(ምስል፦ ቦርከና በክረምት፣ ኮምቦልቻ)

ተራኪ፦ በሐምሌና በነሐሴ ኮምቦልቻ ላይ ደፍርሶ የሚወርደው የቦርከና ውሃ መጨረሻው አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ እዚያው ቆላ ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ደጋው ላይ ዝናብ ሲበረታ መከራው የሚያርፈው እንደ ዱብቲና አሳይታ ባሉ የአፋር የወንዝ ዳር ወረዳዎች ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ አፋር ውስጥ ወዳለችው ሚሌ የሚወስደው መንገድ ስላለ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ አጥቢያዎች ይህ የጎረቤት ጉዳይ ነው። ይህ በየአጥቢያው ርዳታ ለምታሰባስቡ ኮሚቴዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያዘጋጀነው ነው።

(ምስል፦ አዳራሽ ውስጥ የተከመረ ልብስ)

አሮጌ ልብስ አትሰብስቡ። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ሱናሚ የሕንድን የታሚል ናዱ ጠረፍ ከመታ በኋላ፣ ከየአቅጣጫው የተላከ ልብስ ለአገሬው አለባበስ የማይሆን ስለነበር መንገድ ዳር ተከምሮ ቀርቷል። ልብስ መለየት ብዙ ሰውና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ የመኪናውንም ቦታ ይሻማል። በዚያው ቦታ ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሳሙናና ሸራ ጫኑ።

(ምስል፦ በሶና ዳቦ ቆሎ በከረጢት ሲታሸግ)

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ስንዴ አይጠቅምም። ውሃ ቤቱን ለወሰደበት ሰው ወፍጮም፣ ድስትም፣ ደረቅ እንጨትም የለውም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ቴምር ላኩ። እንጀራና ለስላሳ ዳቦ በቆላው ሙቀት ይሻግታሉ። ተቀባዮቹ ሙስሊሞች ስለሆኑና የእርድ ጉዳይ ስላለ የሥጋ ነገር አይጫን።

ማብሰል ከተቻለ በኋላ በአገራችን የተለመደው የወር ድርሻ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። አምስት አምስት ሰው ላላቸው 100 ቤተሰቦች ሲሰላ ወደ 85 ኩንታል ይጠጋል። መዋጮ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን ስሌት ሥሩ፤ ለ100 ቤተሰብ ቃል ገብቶ ለ60 ይዞ መሄድ በተፈናቃዮቹ መካከል ጠብ ይዘራል።

(ምስል፦ የዕደላ ቦታ፣ በገመድ የተለየ መግቢያና መውጫ)

ዝርዝሩ ከመኪናው ይቅደም። ከቀበሌው፣ ከጎሳ ሽማግሌዎችና ከሴቶች ጋር ሆናችሁ መዝግቡ፤ ከዚያም በሕዝብ ፊት ይነበብ። የቀረ ሰው ካለ ያኔ ይታወቃል። ድርሻውን እዚሁ ኮምቦልቻ መዝናችሁ እሸጉት። እዚያ በጣሳ መስፈር ከተጀመረ አንዱ ጣሳ ሞልቶ፣ ሌላው ጎድሎ ሰልፉ ይታወካል። ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ቀድመው ይውሰዱ።

በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የርዳታ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ፣ ርዳታ በችግሩ መጠን ብቻ እንዲሰጥና የሃይማኖት አቋም ማራመጃ እንዳይሆን ይደነግጋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የርዳታ ድርጅት የሆነው ካሪታስና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ከአውጪዎቹ መካከል ናቸው። ስለዚህ ከረጢቱ ውስጥ መንፈሳዊ ጽሑፍ አይገባም፣ ዕደላው ላይ ስብከት አይኖርም፣ ተቀባዩም እጁን ዘርግቶ ፎቶ አይነሳም። የተራበ ሰው እምቢ ለማለት አቅም የለውም፤ በዚያ ሰዓት የሚደረግ ስብከት ደግሞ ምጽዋቱን ዋጋ ማስከፈል ይሆናል።

(ምስል፦ ባልዲዎች፣ የክሎሪን ዱቄት፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ)

አሁን ወደ ውሃው። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የሞዛምቢክን የቤይራ ከተማ ከመታ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኮሌራ ተረጋግጧል። ለሰው በቀን 15 ሊትር ውሃ ይታሰባል።

ድፍርስ ውሃ በቅድሚያ ይጥለል፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል። ከዚያ 70 በመቶ ክሎሪን ያለውን ዱቄት 15 ግራም፣ ማለትም አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ ጓንት አድርጉ፤ ዱቄቱን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። ይህ 1 በመቶ ብጥብጥ ነው።

አራት ባለ 20 ሊትር የፕላስቲክ ባልዲዎች በሚታከመው ውሃ ሞልታችሁ፣ ከብጥብጡ ለአንደኛው 1፣ ለሁለተኛው 1.5፣ ለሦስተኛው 2፣ ለአራተኛው 2.5 ሚሊ ሊትር በሲሪንጁ ጨምሩ። 30 ደቂቃ ጠብቁና ቀሪውን ክሎሪን፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ሳያልቅ የተረፈውን፣ ውሃውን ቀለም በሚያስይዘው የመለኪያ ክኒን እዩ። በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ያሳየው ባልዲ መጠናችሁ ነው። 2 ሚሊ ሊትር የጨመራችሁበት ከሆነ፣ ለ10,000 ሊትር ታንከር 1 ሊትር ብጥብጥ ይበቃል። የውሃው ምንጭ ሲቀየር ወይም ዝናብ ሲዘንብ እንደገና ሞክሩ፤ የትናንቱ መጠን ለዛሬ ላይሆን ይችላል። 

ብዙዎች ታንከሩን ለክተው ያበቃሉ። ከየቤተሰቡ ጀሪካን ውስጥም ለኩ። ታንከሩ ላይ ደኅና ሆኖ ጀሪካኑ ላይ ክሎሪን ከጠፋ፣ ጀሪካኑ ውስጡ ቆሽሿል ማለት ነው፤ በሳሙናና በጠጠር አጥባችሁ ሙሉት፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ።