ከእርቁ በፊት ሆስፒታል
(በአዳማ በአንድ የሰፈር እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት ጠበቃ የቀረበ ንግግር)

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ጸሐፊያችን «አደራ አጠር አድርጊው፣ ገና የመዋጮ ጉዳይ አለብን» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባል ሚስቱን ደበደበ ሲባል እኛ ቀድመን የምንሮጠው ለማስታረቅ ነው። እኔ የምለምናችሁ ከእርቁ በፊት ሴትዮዋን ሆስፒታል እንድታደርሷት ነው።

እርቅን የምነቅፍ አይምሰላችሁ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖትና በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። ግን ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ሲሆኑ ነው። ፊቷ ያበጠ ሴት፣ ሕፃን ታቅፋ፣ በሽማግሌ ተከባ፣ «ልጆችሽን አስቢ» እየተባለች የምትሰጠው እሺታ ፈቃድ ነው ወይ? እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ማክሰኞ ማታ ትመታለች። ረቡዕ እናቷ ትመጣለች። ሐሙስ ሽማግሌ ይሰየማል። እሁድ ቡና ይፈላል፣ ጉልበት ይሳማል፣ ይቅር ለእግዜር ይባላል። ከወራት በኋላ ያው ዱላ ይመለሳል። ያኔ እኛ ጠበቆች ዘንድ ትመጣለች። «የመጀመሪያው ጊዜ የሐኪም ማስረጃ አለሽ?» እላታለሁ። የላትም። የበለዘው ገላ ድኗል። ደም የነካው ነጠላ ታጥቧል። ጩኸቱን የሰሙት ጎረቤቶች ደግሞ «ታርቀው የለ እንዴ፣ እኛን ምን አገባን» ይላሉ። ዳኛ ፊት ባዶ እጇን ትቆማለች።

አዳማ ሆስፒታል ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶችና ሕፃናት በአንድ ቦታ የሚያስተናግድ ማዕከል አለ። ሐኪሙ፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ ተቀናጅተው የሚሠሩበት ነው። ከቢሮ ቢሮ እየዞረች ያንኑ ነገር አሥር ጊዜ እንዳትናገር ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ጉዳቱ ቀላል መስሎ ቢታይ እንኳ ትታይ። የጆሮ ታምቡር መቀደዱን እኛ በዓይን አይተን ልናውቅ አንችልም።

ሕጉ ምን ይላል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በስም ጠቅሶ ወንጀል ያደርገዋል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩትንም ይጨምራል። «አልተፈራረምንም፣ መብት የለኝም» የምትል እህት ካለች ይህን ንገሯት። ከባድ የአካል ጉዳት ደግሞ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቻችን ልብ በሉልኝ። እንዲህ ያለው ከባድ ወንጀል የመንግሥት ጉዳይ ነው። እሷ «ታርቄያለሁ» ስላለች ብቻ ፋይሉ አይዘጋም። እናንተ ቤቱን ልታበርዱ ትችላላችሁ፣ ክሱን ግን አታነሱም።

የሕጋችንን ጉድለትም ልናገር። ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ብቻ የወጣ፣ ደብዳቢው ከቤት እንዲርቅ የሚያዝ፣ ራሱን የቻለ ሕግ የለንም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ልጆቿን ይዛ ከቤት የምትወጣው የተመታችው ናት። በእኔ እምነት ይህ ዓይን ያወጣ ፍርደ ገምድልነት ነው። ለዚህ ነው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እዚህ አዳማ የከፈተው መጠለያ ትልቅ ነገር የሚሆነው።

«ከወጣሁ ቤቱ በእሱ ስም ነው» የሚለው ስጋት ብዙዎችን አስሮ ያስቀምጣል። በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የእኔ ብቻ ነው የሚል ሰው ያስረዳ። ግን ወረቀት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ብዙዎቹ ሲመጡ በፌስታል የቋጠሩት የልጅ ልብስና ጡጦ ነው። የጋብቻ ማስረጃው፣ የልጆቹ የልደት ካርድ፣ የቤቱ ካርታ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉም እሱ ኪስ ነው። እናቶቼ፣ ሴት ልጆቻችሁን ዛሬውኑ፣ ሰላም እያለ፣ ወረቀቶቹን በስልክ ፎቶ አንስተው ለሚያምኑት ሰው በቴሌግራም እንዲልኩ ምከሯቸው። ይህ ትዳር ማፍረስ አይደለም።

ጠበቃ ውድ ነው ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ግን አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ያማክራል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ይከራከራል። አዳማም ቅርንጫፍ አለው። በስልክ 7711 መደወል ይቻላል። ሌላም አለ። የክልላችን ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ቋንቋውን የማትችል ሴት ያልገባትን ነገር እሺ ብላ እንዳትወጣ አስተርጓሚ ትጠይቅ። ማፈር የለም።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ትዳር ያዩ ሴቶችን ጠይቆ ነበር። 34 በመቶዎቹ ከባሎቻቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። «ወጥ ብታሳርር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ብትከራከረው» እንደሚሉት ካሉ አምስት ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ልክ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28 በመቶ። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል። «ቻይው፣ እኛም ችለን ነው» የምንለው እኛው ነን። ሆድ ይፍጀው እያልን።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። መዝገባችንን ገልጣችሁ እዩ፤ አባልነቱ በአባወራው ስም ነው። ስትደበደብ ወጥታ የሄደች ሚስት ለዓመታት መዋጮውን ከጉሊት ገቢዋ ስትከፍል ኖራ ይሆናል። ከወጣች ግን እድር የላትም። እናቷ ብትሞት ድንኳን የሚተክልላት የለም። «የት እሄዳለሁ» ከሚያስብሏት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ይህን የሠራነው ደግሞ እኛ ነን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከቤት የወጣች ሚስት አዲስ መመዝገቢያ ሳትከፍል በራሷ ስም አባል ሆና እንድትቀጥል መተዳደሪያ ደንባችን ይሻሻል። ሁለተኛ፣ ለባጃጅና ለሆስፒታል ካርድ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በገንዘብ ያዥዋ እጅ ይቀመጥ። ሌሊት በሯ ሲንኳኳ ስብሰባ ሳትጠራ እንድትሰጥ። ጸሐፊያችን፣ ይህን ከመዋጮው ጉዳይ አስቀድመው አጀንዳ ያስይዙልኝ፤ ድምፅ የምንሰጠውም ሰው ሳይበተን ይሁን።

አመሰግናለሁ።