የቡፈር ሳጥን ከጓደኛ ጋር መሥራት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በቤት ውስጥ ስለሚሠራ የሰብዎፈር ሳጥን (ባሱን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያወጣው፣ ሠፈር ውስጥ ቡፈር ስለምንለው) በስልክ የገቡትን ጥያቄዎች ሰብስበን እነሆ መልሰናል። አብዛኛው ደዋይ ስለ ዋት ነው የሚጠይቀው። እኛ ግን ስለ ሊትር እናወራለን፤ ምክንያቱ ከታች ይታያል።

ከአዲስ አበባ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ገዝተናል። የሳጥኑን መጠን በምን እናውቃለን? የጠየቅነው ሰው ሁሉ የተለያየ ልክ ይነግረናል።

የነገሯችሁ ሁሉ ለየራሳቸው ስፒከር ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። 12 ኢንች የስፒከሩን ስፋት ይነግራል እንጂ ጠባዩን አይነግርም። ከሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች አንዱ 30 ሊትር፣ ሌላው 80 ሊትር ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጡና ሦስት ቁጥሮች ፈልጉ። ኤፍ ኤስ (Fs) ስፒከሩ ያለ ሳጥን በራሱ የሚርገበገብበት ድግግሞሽ ነው፤ በኸርዝ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ) ይጻፋል። ኪው ቲ ኤስ (Qts) ያ እርግብግብታ ምን ያህል እንደሚገታ ይናገራል። ቪ ኤ ኤስ (Vas) ደግሞ የኮኑ (ስፒከሩ ፊት ላይ የሚርገበገበው ክብ) ማንጠልጠያ ያለውን ልስላሴ የሚስተካከል የአየር መጠን ነው፤ በሊትር ይጻፋል። አውስትራሊያዊው መሐንዲስ ኔቪል ቲል በ1961፣ ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ባወጧቸው ጥናቶች የታወቁ በመሆናቸው የቲል-ስሞል መለኪያዎች ይባላሉ።

በምሳሌ እንሥራው። ኤፍ ኤስ 28 ኸርዝ፣ ኪው ቲ ኤስ 0.40፣ ቪ ኤ ኤስ 80 ሊትር ይሁን። ዝግ (የአየር ቱቦ የሌለው) ሳጥን ውስጥ ሲገባ የስፒከሩና የሳጥኑ የጋራ ኪው 0.7 አካባቢ እንዲሆን እንፈልጋለን፤ ባሱ ሳያብጥ፣ ሳይከሳም የሚወርደው እዚያ ላይ ነው። 0.7ን ለ0.40 ስናካፍል 1.75። ይህን በራሱ ስናባዛ 3.06፣ 1 ስንቀንስ 2.06። 80ን ለ2.06 ስናካፍል 39 ሊትር ገደማ። አዲሱ ድግግሞሽ 28 ሲባዛ በ1.75፣ ማለትም 49 ኸርዝ ይሆናል።

አዲስ አበባ ስለሆናችሁ አንድ ነገር እንጨምር። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሳጥን ውስጥ እንደ ሞላ ሆኖ የሚያገለግለው አየር በዚያው ልክ ይለሰልሳል፤ ወረቀቱ ላይ 80 የተባለው ቪ ኤ ኤስ እናንተ ጋ 61 ይሆናል። በስሌቱ መሠረት ሳጥኑ ወደ 30 ሊትር ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። እኛ ግን 39 ላይ ብትቆዩ እንመርጣለን፤ የጋራ ኪው 0.64 ይሆናል፣ ጆሮ ያን ያህል አይለየውም፣ ባለ 12 ኢንቹም ፊት ለፊቱ ላይ ሳይጨናነቅ ይቀመጣል። በዚያው በሳሳ አየር የተነሳ ድምፁ ከባሕር ዳርቻው ወደ 2 ዲሲቤል ይቀንሳል። አምፕሊፋየሩን አትውቀሱት።

ከሐዋሳ፦ 39 ሊትሩን ሳጥን ከጓደኛዬ ጋር ልንሠራ ነው። ምን እንግዛ? እንዴት እንቁረጥ?

18 ሚሊ ሜትር ኤም ዲ ኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሰሌዳ) ይሁን። ቺፑድ ቪቴ አይዝለትም፣ ጠርዙም ይፈርሳል። ጣውላ (ዋንዛም ይሁን ጽድ) ያምራል፤ ነገር ግን ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ እያበጠና እየጠበበ መገጣጠሚያውን ይከፍተዋል። ጥሩ ኮምፔንሳቶ ካገኛችሁ ግን አንከራከርም፤ እንዲያውም ይቀላል።

የውስጡ ልክ 35 በ35 በ35 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 42.9 ሊትር ይይዛል። ከዚህ ላይ የስፒከሩ ማግኔትና ፍሬም 3 ሊትር ያህል፣ ሁለት የውስጥ መደገፊያዎች ደግሞ 0.6 ሊትር ይወስዳሉ። የሚቀረው 39 ነው። ኪዩብ ሳጥን ድምፅ ያስተጋባል ብለው የሚያስፈራሩ አሉ። በ35 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚፈጠረው ማስተጋባት 490 ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል፤ ለሰብዎፈሩ ደግሞ ከ80 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ይቆረጥለታል። አይገናኙም።

ቁርጡ ይህ ነው፦ 38.6 በ38.6 የሆነ ሦስት (ላይ፣ ታችና ፊቱን የሚያደርብ)፣ 38.6 በ35 የሆነ ሁለት (ጎኖቹ)፣ 35 በ35 የሆነ ሁለት (ፊትና ጀርባ)። ድርቡ ከውጭ እንዲለጠፍ ያደረግነው የውስጡን ሊትር እንዳይበላ ነው። ከአንድ 122 በ244 ኤም ዲ ኤፍ 38.6 በ38.6 የሆነ 18 ቁራጭ ይወጣል፤ የመጋዙ ምላጭ በየቁርጡ የሚበላው 3 ሚሊ ሜትር ታስቦበታል። ለአንድ ሳጥን ሰባት ቁራጭ ስለሚበቃ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ኤም ዲ ኤፍ ተካፍላችሁ ሁለት ሳጥን ትሠራላችሁ፣ አራት ቁራጭም ለመደገፊያ ይተርፋል። ቁርጡን ትልቅ የጠረጴዛ መጋዝ ላለው እንጨት ቤት ስጡት። በእጅ የተቆረጠ 2 ሚሊ ሜትር ስህተት ስትገጣጥሙ ክፍተት ሆኖ ይመጣል።

የስፒከሩን ቀዳዳ ሳጥኑ ከመገጠሙ በፊት ቁረጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ስፒከሩን በፊቱ ደፍቶ ጠርዙን በእርሳስ ይከብባል፣ በጂግሶው (በእጅ በሚያዝ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ይቆርጣል፣ ከዚያ ስፒከሩ ሳጥኑ ውስጥ ዘው ይላል። መለካት ያለበት ከጠርዙ በታች ያለው የፍሬሙ ስፋት ነው፤ ለባለ 12 ኢንች ብዙውን ጊዜ ወደ 28 ሴንቲ ሜትር ነው። ቢሆንም ራሳችሁ ለኩት።

ከኮላው በፊት ሁሉንም ያለ ኮላ አቁማችሁ እዩ። ቀጥሎ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ኮላ ይቀባል። ነጩን የእንጨት ኮላ በጠርዙ ሙሉ ርዝመት ቀቡ፤ ሲጠብቅ በሁለቱም በኩል ጠብ ጠብ ብሎ ካልወጣ አንሷል። ለቪቴው (4 በ50 ሚሊ ሜትር) መጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱ፤ ሳይበሱ ቢያስገቡት ኤም ዲ ኤፉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይሰነጠቃል። በየ12 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ቪቴ ይበቃል፤ ከጥጉ 4 ሴንቲ ሜትር ራቁ። ሞርሳ ከሌላችሁ የተሰነጠቀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ወጥራችሁ ጠምጥሙበት፣ አጥብቆ ይይዛል። ኮላው ሳይደርቅ ሁለቱን ሰያፍ (ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ) ለኩ። ሁለቱም 54.6 ሴንቲ ሜትር ካልሆኑ ሳጥኑ ተንጋዷልና ረጅሙን ሰያፍ ገፋ አድርጉት። ከዚያ 24 ሰዓት አትንኩት። ሲቆረጥም ሲፈገፈግም ማስክ አድርጉ፤ የኤም ዲ ኤፍ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው።

በመጨረሻ ግማሽ ኪሎ ያህል የትራስ ፋይበር በተን አድርጋችሁ ሙሉበት። ከማግኔቱ ጀርባ ያለውን መተንፈሻ ግን አትድፈኑት።

ከአዳማ፦ ሳጥኑ አልቋል፣ ግን ባሱ ለስላሳ ነው፣ እንደ ፉጨት ያለ ነገርም ይሰማል።

አየር ያፈስሳል። ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶች፣ በክቡ ዙሪያ እኩል፣ ቀስ ብለው ይጫኑና ይልቀቁት። ዝግ ሳጥን ጥሩ ከታሸገ ኮኑ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ ወዲያው ብድግ ካለ ቀዳዳ አለ። ቦታውን ለማግኘት አምፕሊፋየሩ ላይ በተሰካ ስልክዎ 30 ኸርዝ ድምፅ በዝቅታ ይክፈቱና የሚጨስ እጣን በየመገጣጠሚያው ያስጠጉ። ጭሱ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ያ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው በገመድ መግቢያው ወይም በስፒከሩ ጠርዝ ሥር ነው። የመጀመሪያውን በሲሊኮን፣ ሁለተኛውን በቀጭን የስፖንጅ ቴፕ ይድፈኑ። ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ስፒከሩን አይግጠሙ፤ እንፋሎቱ የኮኑን ሙጫ ሊጎዳ ይችላል።

ከመቀሌ፦ 60 ሊትር ሳጥን ላይ አንድ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ አስገባሁ። ሲጮህ እንደ ብስክሌት መንፊያ ያፏጫል።

ቱቦው ቀጥኗል። ቱቦው የሚያስፈልገው ውስጡ ያለው አየር በተመረጠ ድግግሞሽ እየተርገበገበ ባሱን እንዲያግዝ ነው፤ 32 ኸርዝ ይሁን ብንል በእርስዎ ሳጥን የ50ው ቱቦ ርዝመት 6 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስሌቱ ልክ ቢሆንም በዚያች ቀዳዳ የሚያልፈው አየር በጣም ይፈጥናል፤ በሰከንድ ከ17 ሜትር ገደማ ሲያልፍ ፉጨት ይሆናል። 110 ሚሊ ሜትሩን የፍሳሽ ፒቪሲ ይጠቀሙ። የውስጥ ስፋቱ 10.4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 10.4 በራሱ ሲባዛ 108፣ ሲባዛ በ23,562 (የስሌቱ ቋሚ ቁጥር ነው)። ይህን ለ60 ሊትርና ለ32 በ32 ብዜት ስናካፍል 41.5። ከዚህ ላይ 0.73 (ይህም ቋሚ ነው) ሲባዛ በ10.4 ይቀነሳል። ርዝመቱ 34 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የቱቦው ጫፍ ከጀርባው ግድግዳ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ቦታ ካነሰ በኤልቦ ያጥፉትና በመሃል መስመሩ ይለኩ። ቱቦው ራሱ የሚይዘውን 3 ሊትርም አይርሱ።

ቱቦ ያለው ሳጥን ከ32 ኸርዝ በታች ኮኑን አይዘውም። አምፕሊፋየርዎ ዝቅተኛውን የሚቆርጥ ፊልተር ከሌለው ድምፁን ሲጨምሩ ኮኑ ወጥቶ ይመታል። ለመጀመሪያ ሥራ ዝግ ሳጥን ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

ከባሕር ዳር፦ የእኔንና የጓደኛዬን ስፒከር በአንድ አምፕሊፋየር አገናኘን፤ ባሱ ጠፋ።

የአንዱ ገመድ ተገልብጧል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። 1.5 ቮልት ባትሪ ለአፍታ ያስነኩ። ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ጋር ሲሆን ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ኦሙንም (የስፒከሩን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ይዩ፦ ሁለት ባለ 4 ኦም ጎን ለጎን ሲያያዙ 2 ኦም፣ በተከታታይ 8 ኦም ይሆናሉ። አምፕሊፋየሩ "ከ4 በታች አይሁን" ካለ 2 ያሞቀዋል። የተለያየ ዓይነት ስፒከሮች ከሆኑ በአንድ ሳጥን ክፍል አያስገቧቸው።

ከቨርጂኒያ፦ ከዚህ የገዛሁትን ፕሌት አምፕሊፋየር (ሳጥኑ ላይ የሚገጠመውን) ለወንድሜ ወደ አገር ቤት ልልክ ነው።

ከመላክዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ። "100-240" ወይም የ115/230 መቀየሪያ ካለው ወንድምዎ ይሰካ፤ መቀየሪያ ካለው ግን አስቀድሞ 230 ላይ ያድርገው። "120" ብቻ ከሆነ ግን 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ አንዳንዴ ከዚያም ያልፋል። ለ300 ዋት አምፕሊፋየር ቢያንስ 500 ዋት የሚችል ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የተቃጠለ ፊውዝ በወፈረ ፊውዝ አይተካም። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ኤሌክትሪክ ይዘው ስለሚቆዩ ወዲያው ውስጡን አይንኩ።

ከደሴ፦ ኮርኒሱና ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ጎረቤትም ተቆጥቷል።

አንድ ጓደኛ የድምፁን ድግግሞሽ ከ25 ኸርዝ ጀምሮ እስከ 100 ኸርዝ ቀስ እያለ ያሳድግ፤ ሌሎቹ እየዞሩ በእጃቸው ይንኩ። የሚንጫጫው ኮርኒስ ላይ የላላ ምስማር፣ የመስኮት መስታወት ወይም ብፌ ላይ ያለ ሲኒ ይሆናል፤ አንድ በአንድ ይጠብቃል ወይም ይነሣል። ሳጥኑ ጥግ ላይ ከሆነ ባሱ ይጎላል፤ ከጥግ አውጥታችሁ ሞክሩት። ስለ ጎረቤቱ ግን፦ የ40 ኸርዝ ሞገድ 8.5 ሜትር ይረዝማል፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስፖንጅም ሆነ የእንቁላል መያዣ ካርቶን አያስቆመውም። ያላችሁ አማራጭ ሳጥኑን ከጋራው ግድግዳ ማራቅ፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ማጥፋት ነው።