መልአኩ መጀመሪያ ያለው «ብላ» ነው

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ድባቴ እንድናገር ስጋበዝ አዘጋጆቹ «ከመንፈሳዊ ሕይወት አንጻር ይሁን» አሉኝ። እሺ አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ብዕሬን ሳነሳ ግን እጄ ከበደኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ በመንፈሳዊነት ስም ሰው የጎዳ አንድ አስተማሪ አውቃለሁ። እኔው ነኝ።

ነገሩ የሆነው ከአሥር ዓመት በፊት ነው። አንድ ወጣት ሊያማክረኝ መጣ። ከትምህርት በኋላ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቆ ነው የቀረበኝ። «ጋሼ፣ ጸሎት ስጀምር ቃሉ አፌ ላይ ይደርቅብኛል» አለኝ። እንቅልፍ እንደሌለው፣ የሚወዳቸው ሰዎች እንኳ ሩቅ እንደሚመስሉት ነገረኝ። እያወራ ከኪሱ አንድ የመድኃኒት ሽፋን አውጥቶ በጣቱ ያገላብጠዋል። ከፍሬዎቹ አራቱ ወጥተዋል። ሐኪም ነው ያዘዘልኝ አለ።

እኔ ምን አልኩ? «መድኃኒቱን ተው» አላልኩም። እንደሱ ብል ኖሮ ቢያንስ ጥፋቴ ግልጽ ይሆን ነበር። ያልኩት «ልጄ፣ የነፍስን ነገር በእንክብል አትፈታውም፤ በጸሎት በርታ» ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ልጁ የሚሰማውን ሰማ። መድኃኒቱን ጣለው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እኅቱ ደወለችልኝ። ከአልጋ አልወርድ ብሏል፣ እህል ከቀመሰ ሁለት ቀኑ ነው፣ «ባልኖርስ» እያለ ነው አለችኝ። እሷ ናት እየጎተተች ሐኪም ቤት ያደረሰችው። እኔ አይደለሁም።

ዛሬ ደህና ነው። አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። ይህ ደግሞ ይብስብኛል።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ቅዱሴን እንደ አዲስ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ የያዘኝ ኤልያስ ነው። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19። ከፊቱ ያለውን ምዕራፍ ታውቁታላችሁ፤ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደበት ነው። ከዚያ ድል በኋላ ኤልዛቤል እገድልሃለሁ ብላ ላከችበት። ሸሸ። ቤርሳቤህ ሲደርስ አገልጋዩን እዚያው ተወው። ይህችን ትንሽ ቁጥር ብዙ ዓመት ዘልያት ኖሬያለሁ። አሁን ግን ሁሌም እዚያ ቆም እላለሁ። የደከመ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? አብሮት ያለውን ሰው ያሰናብታል። ስልክ አያነሳም። «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ቢዚ ሆኜ ነው» ይላል።

ከዚያ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እንዲህም አለ፦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ»። ተኛ።

እስቲ ራሳችሁን በመልአኩ ቦታ አድርጉ። የእሳት ነቢይ ዛፍ ሥር ተዘርሮ ሞት ይለምናል። ምን ትሉታላችሁ? እኔ ምን እንደምለው አውቃለሁ። «ኤልያስ፣ ትናንት ያየኸውን ተአምር እንዴት ረሳህ? እምነትህ የት ሄደ?» መልአኩ ይህን አላለም። ዳሰሰው። «ተነሥተህ ብላ» አለው። ከራስጌው እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ዝም ብሎ አስተኛው። ሁለተኛ መጥቶ ሲቀሰቅሰውም «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» ነው ያለው። አሁንም ምግብ። ንስሐ ግባ የለም፣ ስገድ የለም።

«በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ። ቃሉ ሲመጣም በነፋሱም፣ በመናወጡም፣ በእሳቱም ውስጥ አልነበረም። ዝግ ባለ ድምፅ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፦ ኤልያስ ከዚያ ሲወርድ ብቻውን እንዳይሆን ኤልሳዕ ተሰጠው። ቤርሳቤህ ላይ የሰው አብሮነትን ትቶ ሄደ፤ ኮሬብ ላይ መልሶ ተሰጠው።

ኤልያስ ድባቴ ነበረበት እያልኩ አይደለም። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ምርመራ መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም። የምለው እግዚአብሔር ለተሰበረ ሰው ሲደርስለት ከየት እንደ ጀመረ ነው። ከሰውነቱ ጀመረ።

አሁን «ድባቴ» ስለሚለው ቃል ትንሽ። «ደበረኝ» የምንለው ብዙ ነው። ፊልሙ ደበረኝ፣ ስብሰባው ደበረኝ። ያ ነገ ይለቃል። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሌላ ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ከሞላ ጎደል በየቀኑ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ነው። ሐዘን ሊሆን ይችላል፤ ወይም ምንም አለመሰማት። ይወዱት የነበረው ነገር ጣዕም ያጣል። እንቅልፍ ይዛባል፣ ምግብ ይጠላል ወይም ይበዛል፣ ጉልበት ያልቃል፣ ሐሳብ አይሰበሰብም። «እኔ ከንቱ ነኝ» የሚለው ድምፅ ከውስጥ አይጠፋም። መነሻው ብዙ ነው፦ በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት፣ የሚወዱትን ማጣት፣ ወሊድ፣ የቆየ ሕመም፣ መጠጥ። አንዳንዴ የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲዳከም ብቻ ተመሳሳይ ስሜት ይመጣል። ይህን ደግሞ የሚለየው የደም ምርመራ ነው እንጂ የእኔ ስብከት አይደለም።

አባቶች ይህን የልብ ክብደት አያውቁትም ነበር? በደንብ ያውቁታል። በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረ ኢቫግሪዮስ የሚባል መነኩሴ ነበር። እንደ ፈረንጆች በ399 ዓ.ም. አካባቢ ነው ያረፈው። መዝሙሩ ላይ ያለውን «የቀትር ጋኔን» ወስዶ መነኩሴን ስለሚይዝ አንድ መታከት ጻፈ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት ይከበዋል ይላል። ፀሐይዋ የቆመች ትመስለዋለች። ቀኑ የሃምሳ ሰዓት ያህል ይረዝምበታል። በመስኮት ያያል። 9 ሰዓት ስንት ቀረው ብሎ ወደ ፀሐይ አንጋጦ ይመለከታል። ቦታውን ይጠላል፣ የእጅ ሥራውን ይጠላል፣ ወንድሞች ሁሉ ፍቅር የላቸውም ይላል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔ ራሴ በአንድ የከፋ ዓመቴ ሶፋ ላይ ተጋድሜ የግድግዳ ሰዓት እቆጥር ነበር። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚያልፈው።

የኢቫግሪዮስ መታከትና የዛሬው ድባቴ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። የመከረው ምክር ግን ገርሞኝ ነው። እንባ አውጣ ይላል። ነፍስህን ለሁለት ክፈላት፤ አንዷ አጽናኝ ትሁን፣ አንዷ ተጽናኝ። ከዚያ የዳዊትን ቃል ተናገራት፦ «ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» ያ ሰው ራሱን አልተሳደበም። ራሱን ጠየቀ። እኛ «አንተ ሰነፍ፣ ተነሣ» የምንለውን እሱ እንደ ታመመ ልጅ አባበለው።

ጸሎት ሲደርቅ ምን ይደረግ ለሚል ከመዝሙረ ዳዊት የተሻለ አላውቅም። ምክንያቱም ያጉረመርማል። መዝሙር 88ን አንብቡት። በሌላው አቆጣጠር 87 ነው። አብዛኛው የልቅሶ መዝሙር መጨረሻው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራል፤ ይህ አይዞርም። ወዳጆቼ ራቁኝ ብሎ ያበቃል። ቅዱስ መጽሐፍ ያን አልሰረዘውም፣ «እስኪ መጨረሻውን አስተካክልና አምጣ» አላለውም። ኤርምያስም የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ እሱም አልተቆረጠም። ስለዚህ ለመጸለይ የሚሆን ጉልበት ያጣ ሰው ቅሬታውን ያንብብ። እሱንም ካልቻለ ሌላ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ያንብብለት። ለእኔ እንደዚያ ነው የተደረገልኝ። አንድ ወዳጄ ማታ ማታ ይመጣና አንድ መዝሙር አንብቦ፣ የተጠራቀመውን ዕቃ አጥቦልኝ ይሄድ ነበር። ምን እንዳነበበልኝ አላስታውስም። የውኃውን ድምፅ ግን አስታውሳለሁ።

«ኃጢአት ሠርቼ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ሊሠራም ይችላል፤ ማን አልሠራም? ግን ድባቴ ራሱ የጥፋተኝነት ስሜት የሚፈበርክ በሽታ ነው። ያልሠራኸውንም ያስናዝዝሃል። ለዚህ ነው ሰው በዚያ ሁኔታ ላይ እያለ በራሱ ላይ የሚሰጠውን ፍርድ የማላምነው። ክርስቶስ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ሲል ይህን ያህል ጥልቅ ሐዘን ከኃጢአት ውጪ ሊኖር እንደሚችል አሳየን። ቀጥሎ የለመነውስ ምንድን ነው? «ከዚህ ቆዩ፣ ከእኔም ጋር ትጉ።» አጠገቤ ሁኑ ነው ያለው። ደቀ መዛሙርቱ ተኙ። እኛም ብዙ ጊዜ እንተኛለን።

«ጠንካራ አማኝ ይህ አይደርስበትም» ለሚል ስፐርጀንን እጠቅሳለሁ። በ19ኛው መቶ ዘመን ለንደን ላይ በሺዎች ፊት ይሰብክ የነበረ ሰው ነው። በ1856 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ እየሰበከ ሳለ አንድ ሰው «እሳት!» ብሎ ጮኸ። እሳት አልነበረም። ግፊያው ሰባት ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ ሐዘኑ እስከ ሕይወቱ ማብቂያ እየተመላለሰ ጎበኘው። አልደበቀውም። የወደፊት አገልጋዮችን ሲያስተምር ሳይቀር ስለዚህ ነገር በግልጽ ይናገር ነበር።

በእስልምናው ዓለም ደግሞ እንደ ፈረንጆች ከ850 እስከ 934 የኖረ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሚባል ሊቅ አለ። ምክንያቱ የሚታወቀውን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቀውና ከሰውነት ከሚነሣው ለይቶ አስቀምጧል። ከሺህ ዓመት በላይ ሆነው። እኔ ግን ከአሥር ዓመት በፊት አላወቅኩትም ነበር።

ስለ መድኃኒት እቅጩን ልናገር፤ ዕዳ አለብኝና። የሲራክ መጽሐፍ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ጳውሎስ ከጎኑ ሉቃስ የሚባል ሐኪም ነበረው። የድባቴ መድኃኒት ዛሬ ተውጦ ነገ አይሠራም፤ ሳምንታት ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚያቆመው ገና ሥራ ሳይጀምር ነው። የተሻለው ሲመስለውም በራሱ ውሳኔ በድንገት ያቆመዋል። እባካችሁ፣ ማቆም ካለ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ነው። የንግግር ሕክምናም አለ፤ ለብዙዎች ይሠራል። የስኳር ሕመምተኛን «ኢንሱሊኑን ተውና ጹም» የምንል ከሆነ አላውቅም። አንልም።

አሁን አጠገባችሁ ሰው ታሞ ለምትቸገሩት። የኢዮብ ጓደኞች ስማቸው ጎድፏል፣ ይገባቸዋልም። ግን አንድ ሳምንት ግሩም ነበሩ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል የተናገረ የለም። የተበላሹት ሲናገሩ ነው። ስለዚህ «አይዞህ፣ ጠንከር በል» ከማለት በፊት ምሳ በልቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አብራችሁት ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ቀጠሮ መያዝ ራሱ ለሱ ተራራ ነው። «መሞት ያምርሃል?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። መጠየቁ ሐሳቡን አይሰጠውም፤ ብዙ ጊዜ ያቀልለታል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር አርቁ። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይዛችሁት ሂዱ። ምስጢሬን ጠብቅልኝ ቢልም።

እዚህ መካከል ዛሬ ከአልጋ ተነሥቶ መምጣቱ ብቻ ሙሉ ጉልበቱን የበላበት ሰው አለ። ማን እንደሆንክ አላውቅም፣ ማን እንደሆንሽም። ከዚህ ንግግር ግማሹን ላትሰሙት ትችላላችሁ፤ እኔም ያኔ አልሰማም ነበር። ምንም አታስታውሱ። ዛሬ ማታ የሆነ ነገር ቅመሱ። ነገ ለአንድ ሰው «ደህና አይደለሁም» በሉት።

መርሐ ግብሩ ሲያልቅ በስተኋላ፣ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከጎኔ ሁለት ባዶ ወንበር ይኖራል። መናገር የማይፈልግ ሰው ዝም ብሎ መጥቶ ይቀመጥ። እኔም ዛሬ ዝም እላለሁ፤ ተምሬያለሁ።