ሒሳብን ፈጠርነው ወይስ አገኘነው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ብዙ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፈተና ሰሞን፣ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ይሄን ሒሳብ የሚባል ነገር ማን ነው የፈጠረው?» ይለኛል። ለዕውቀት የጠየቀ እንዳይመስላችሁ። ሰውየውን ቢያገኘው የሚለው ነገር አለው።

ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። «ፈጠረ» የሚለውን ቃል እዩት። ፈጣሪ ስንል እግዚአብሔር ነው። የፈጠራ ሰው ስንል ማሽን የሚሠራው ጎበዝ ነው። «ይሄማ ፈጠራ ነው» ስንል ደግሞ ውሸት ነው ማለታችን ነው። «አገኘ» ቀለል ይላል። የጠፋች ላም ትገኛለች። ላሚቱ ግን ሳትገኝም ነበረች፤ ማንም ሳያያት ሣሯን ትግጥ ነበር። ሒሳብ እንደዚች ላም ነው? ወይስ ከራሳችን አውጥተን የሠራነው ነገር ነው?

እኔ ከገበጣ ልጀምር።

ገበጣ ሰው የሠራው ጨዋታ ነው። በዚህ የሚከራከር የለም። ሕጉም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው ጽፈዋል፤ ብዛታቸው ያስገርማል። ሁለት ሰዎች ከተለያየ አገር መጥተው ገበጣ ቢቀመጡ መጀመሪያ የሚጨቃጨቁት በሕጉ ነው። እንዲህ ይዘራል፣ እንዲህ ይበላል ብለው ካልተስማሙ ጨዋታ የለም።

ገበጣ በምዕራብ አፍሪካ ዘመድ አለው። አዋሪ ይሉታል። 12 ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። እ.ኤ.አ. በ2002 አምስተርዳም የሚገኙ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ጨዋታ በኮምፒውተር ከዳር እስከ ዳር ፈቱት። ጠጠሮቹ ሊደረደሩ የሚችሉባቸውን መንገዶች፣ 889 ቢሊዮን ያህሉን፣ አንድ በአንድ አስመረመሩ። ውጤቱ ምን ሆነ? ሁለቱም ተጫዋቾች ምንም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ አቻ ይወጣሉ።

አሁን ልጠይቃችሁ። ይህን አቻነት ማን ፈጠረው? ሕጉን ያወጡት የጥንት ሰዎች አይደሉም፤ ጭራሽ አያውቁትም ነበር። ተመራማሪዎቹም አይደሉም። «ጀማሪው ያሸንፍ» ብለው ቢመኙ እንኳ ኮምፒውተሩ እሺ አይላቸውም። ሕጉ የሰው ነው። ከሕጉ የሚወለደው ግን የማንም አይደለም። አቋሜ ይኸው ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ነገርኳችሁ።

«ገበጣ ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ» የሚል ይኖራል። እንግዲያው ወደ ባሕረ ሐሳብ እንሂድ፤ ቤተ ክርስቲያናችን የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት የምታወጣበት የዘመን አቆጣጠር ስሌት ነው። በነገራችን ላይ ግዕዙ «ሐሰበ» ሲል አሰበም ነው፣ ቆጠረም ነው። ካፌ ቁጭ ብለን «ሒሳብ!» ብለን አስተናጋጁን የምንጠራበት ቃልም የዚያው ሥር ዘመድ ነው። ከፋዩ ማን እንደሆነ ደግሞ ሌላ ክርክር ነው።

የ2018ን አብረን እንሥራ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት እና 2018 ሲደመር 7518 ነው። ለ19 አካፍሉት፤ 13 ይተርፋል። አንድ ቀንሱ፤ ወንበሩ፣ ማለትም ዓመቱ በ19 ዓመቱ ዑደት ውስጥ ያለው ቦታ፣ 12 ሆነ። ወንበሩን በ11 አባዙ፤ 132 ነው። በ30 ግደፉት፣ 30 30 እያላችሁ ቀንሱ ማለት ነው፤ 12 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው፣ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በልጦ የሚያጠራቅመው የቀን ትርፍ። አሁን ደግሞ ወንበሩን በ19 አባዙ፤ 228 ነው። በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው፣ በዓላቱንና አጽዋማቱን ለማውጣት የሚያገለግለው ቁጥር። 12 እና 18 ስንት ነው? 30።

የ2017ን ብትሠሩት አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ነው። አሁንም 30። ሁለቱ ተደምረው ከ30 አይበልጡም፣ ከ30ም አያንሱም ይላሉ መምህራኑ። ይህን ግን ማንም አላዘዘም። ቁጥርን በ11 አባዝቶ፣ በ19 አባዝቶ መደመር በ30 እንደማባዛት ነው። በ30 የተባዛ ነገር ለ30 ሲካፈል ምን ይተርፈዋል? ምንም። አለቀ። ሊቃውንቱ ጉባኤ ተቀምጠው «31 ይሁን» ቢሉ አይሆንም።

«11 ከሰማይ የመጣ ነው» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ። የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ፣ የፀሐይ 365፤ ልዩነቱ 11። ነገር ግን 11 እና 19 ተደምረው 30 ለመሆን ጨረቃ አያስፈልጋቸውም።

የሰው እጅ የሚታይበት ቦታም አለ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይሄን ነው። 11ን 19 ጊዜ ብትደምሩት 209 ነው። በ30 ስትገድፉት 29 ይቀራል። አንድ ቀን ጎደለ፤ ዑደቱ አልዘጋም። ታዲያ ምን አደረጉ? ወንበሩ 18 ሲደርስ አበቅቴው 18 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት 29 በመሆን ፈንታ ወንበሩም አበቅቴውም ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። አንዲት ቀን ዘለሏት። ይህች ዝላይ የሰው ውሳኔ ናት። መዝለል ያስፈለገው ግን 209 በ30 አልጨረስም ስላለ ነው። ሰውየው የመረጠው ምላሹን እንጂ ችግሩን አይደለም።

ሌላ ምሳሌ አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ተማሪ ሳለሁ የ-1 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በራሱ ሲባዛ -1 የሚሆን ቁጥር፣ ሲመጣ መምህራችን «ለጊዜው ዝም ብላችሁ ያዙት» አሉን። እውነት ለመናገር፣ የለየለት ፈጠራ መስሎኝ ነበር። በመጥፎ ትርጉሙ። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርዳኖ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1545 እንዲህ ያለውን ቁጥር ጽፎ ሲያበቃ ረቂቅ ነው፣ ግን አይጠቅምም ብሎት ነበር። በ1572 ቦምቤሊ የሚባል ሌላ ጣሊያናዊ አንድ ጥያቄ ያዘ። የአንድ ቁጥር ኪዩብ፣ የራሱ 15 እጥፍ ሲደመር 4 ነው፤ ቁጥሩ ማነው? መልሱ 4 ነው፤ 64 ማለት 60 ሲደመር 4 ነዋ። የእንዲህ ዓይነት ጥያቄ መፍቻ ቀመር ግን ወደዚህ 4 የሚያደርሰው የ-121ን ስኩዌር ሩት አሻግሮ ነው። ቦምቤሊ ጨክኖ ተሻገረ፤ መንገዱም 4 ላይ አደረሰው። ዛሬ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተለዋዋጭ ከረንትን የሚያሰሉት በዚሁ «የማይጠቅም» ቁጥር ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1926 ባወጣው የኳንተም እኩልዮሽ ውስጥም ተቀምጧል።

አቋሜ የሚያነክስበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። የገበጣ ሕግ በስምምነት ይለወጣል፤ 1፣ 2፣ 3 ብሎ መቁጠርስ? እሱንም መርጠነው ነው? ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ክሮኔከር ሙሉ ቁጥሮችን እግዚአብሔር ሠራ፣ ሌላው ሁሉ የሰው ሥራ ነው ብሏል ይባላል። ያ «ፈጣሪ» የሚለው ቃል ዞሮ መጣ ማለት ነው። እኔ በቆጠራው ላይ እስማማለሁ። «ሌላው ሁሉ» በሚለው ግን አልስማማም፤ ቦምቤሊ መንገዱን ጀመረ እንጂ መድረሻው 4 እንዲሆን አልወሰነም።

አምና የአዋሪን ነገር ክፍል ውስጥ ሳስረዳ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጨዋታው ራሱ ሳይፈጠር በፊት አቻነቱ የት ነበር?» አለችኝ። ደወል ተደወለና አዳነኝ። በማግስቱም አላነሳሁትም።

ልጅቷ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች። እስቲ ማይኩን ወደ ኋላ አሳልፉላት።