ራጁ እዚህ፣ ኤምአርአዩ መሀል ከተማ፦ የምስል ምርመራ በከተማ ዳርቻ

[ምስል፦ ከላይ የሚታይ አዲስ ሰፈር፤ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ግንባታ]

ተራኪ፦ የከተማ ዳርቻ ሲሰፋ ቤቱ ይቀድማል፤ ሱቁና ትምህርት ቤቱ ይከተላሉ። «ራጅ ተነሥተው ይምጡ» የተባለ ታማሚ ግን ብዙ ጊዜ ወደ መሀል ከተማ ይጓዛል። ነዋሪዎች ጥያቄ ሲያነሡ በአብዛኛው የሚጠሩት ትልቁን መሣሪያ፣ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሣውን ኤምአርአይን ነው። እኔ ግን ከእሱ አልጀምርም ነበር።

[ምስል፦ የደረት ራጅ፤ ቀጥሎ የፅንስ አልትራሳውንድ]

ዊልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው በ1895 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዛሬም ለስብራትና ለሳንባ ምች ቀድሞ የሚታዘዘው እሱ ነው። አልትራሳውንድ ደግሞ ጨረር የለውም፤ እርግዝናን፣ የሐሞት ጠጠርንና ሌላም ብዙ ነገር ያሳያል፤ በእጅ የሚያዝ ዓይነትም አለው። ሁለቱ በአንድ ጤና ተቋም ካሉ አብዛኛው የዕለት ተዕለት ጉዳይ እዚያው ያልቃል።

[ምስል፦ የአምቡላንስ መብራት፤ ሰዓት ሲቆጥር]

አንድ ነገር ግን ርቀትን አይታገሥም፤ ስትሮክ። መንስኤው አንጎል ውስጥ የረጋ ደም ወይም የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ምልክቱ ይመሳሰላል። የረጋውን የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ደም ለሚፈስሰው ሰው ከተሰጠ ግን ሊገድለው ይችላል። ሁለቱን በደቂቃዎች ውስጥ የሚለየው ሲቲ ስካን፣ ማለትም ሰውነትን በራጅ ዙሪያውን የሚያነሣው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ሲቲ ስካን ቦታው ሌሊትም ክፍት በሆነ የድንገተኛ ክፍል አጠገብ ነው። አመሻሹ ላይ የሚዘጋ ማዕከል ውስጥ ቢተከል ለዚህ ታማሚ የለም ማለት ነው።

[ምስል፦ ባለሙያ በኮምፒውተር ምስል ሲያነብ]

ማሽን መግዛት ደግሞ ምርመራ መጀመር አይደለም። የራጅ ክፍል ጨረር የሚከላከል ግድግዳ ይፈልጋል፤ ምስሉን የሚያነሣ ባለሙያ፣ የሚያነብ ራዲዮሎጂስትም ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚያጥረው ይህ የመጨረሻው ነው። ደግነቱ ዲጂታል ምስል በኢንተርኔት ይጓዛል፤ አንድ ራዲዮሎጂስት ከሩቅ ሆኖ የበርካታ ክሊኒኮችን ራጅና ሲቲ ሊያነብ ይችላል። አልትራሳውንድ ላይ ይህ ዘዴ ብዙም አይሠራም፤ መሣሪያውን የያዘው እጅ ያላገኘውን ከሩቅ ያለ ዓይን አያየውም።

[ምስል፦ የጨረር መጠን ንጽጽር]

የተበታተነ አገልግሎት ሌላም መዘዝ አለው፤ የቀድሞው ምስል ስላልተገኘ ምርመራው ይደገማል። የደረት ራጅ ጨረር በጨረር መለኪያው 0.1 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ አንድ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት በአማካይ 2.4 ያህል ያገኛል። የሆድ ሲቲ ግን ወደ 8 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የውጤቱን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የምስሉን ቅጂም ይጠይቁ።

[ምስል፦ የኤምአርአይ ክፍል]

አሁን ወደ ኤምአርአይ። የተለመደው ባለ 1.5 ቴስላ ማግኔት ከምድር መግነጢሳዊ ኃይል 30 ሺህ ጊዜ ያህል ይበረታል። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ማግኔቱን የሚያቀዘቅዘው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ነው፤ ክፍሉም ከውጭ የሬዲዮ ሞገድ መከለል አለበት። በዚያ ላይ ኤምአርአይ የሚታዘዝለት ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ቀጠሮ መጠበቅ የሚችል ነው። ለአንድ ሰፈር ብቻ ከመትከል ጎረቤት ሰፈሮች ቢጋሩት ይሻላል። በከባድ መኪና ተሳቢ ላይ ተገጥሞ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ዓይነትም አለ፤ የሚፈልገው ጠንካራና ደልዳላ ማቆሚያ እንዲሁም በቂ የኤሌክትሪክ መስመር ነው።