ከብስክሌት ወድቆ የተጎዳ ትከሻ እንዴት ይድናል?

[ምስል፦ በእንጦጦ ደን ውስጥ የሚወርድ ጠባብ የብስክሌት መንገድ፤ የባሕር ዛፍ ሥር መንገዱን አቋርጦ ይታያል]

ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ከዛፍ ሥር ጋር ሲጋጭ ብስክሌቱ ይቆማል፤ ነጂው ግን አይቆምም። ከመሪው በላይ ተሽቀንጥሮ ወደ ፊት ይወድቃል። እጁን ለመዘርጋት ጊዜ ካገኘ ምቱ በመዳፉ ገብቶ በክንዱ በኩል ትከሻው ላይ ይደርሳል፤ ጊዜ ካላገኘ ደግሞ የትከሻው ጫፍ በቀጥታ መሬት ይመታል። የተራራ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ትከሻቸውን የሚጎዱት በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት መንገዶች ነው።

ዛሬ የምናየው ከመውደቁ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ምክንያቱም በደንብ መዳን የሚችል ትከሻ በማገገሚያው ወቅት ሲበላሽ ማየት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ሕመሙ ስለቀነሰለት ብቻ ቶሎ ኮርቻው ላይ ይወጣል። ሌላው ክንዱን አንጠልጥሎ ለወራት ሳያንቀሳቅሰው ይቆያል። ሁለቱም ይጎዳሉ።

[ምስል፦ የትከሻ አጥንቶች ሥዕል]

ትከሻ የሦስት አጥንቶች መገናኛ ነው፤ የላይኛው የክንድ አጥንት፣ በጀርባ በኩል ያለው ጠፍጣፋ አጥንት፣ እንዲሁም ከደረት አናት ተነስቶ እስከ ትከሻ ጫፍ የተዘረጋው ቀጭን አግዳሚ አጥንት። ይህን አግዳሚ አጥንት ከአንገታችሁ ሥር ጀምራችሁ በጣታችሁ ወደ ውጭ ብትከተሉት ሙሉ ርዝመቱን ትዳስሱታላችሁ፤ ከቆዳው በታች ብዙ ሥጋ የለውም። የክንድ አጥንት ራስ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ግን ትንሽና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደተቀመጠ ሎሚ ነው። ክንዳችንን ወደፈለግንበት የምናዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ያንን ክብ ራስ በቦታው የሚይዙት ግን ጅማቶችና ዙሪያውን ያቀፉት አራት ጡንቻዎች ናቸው። እነዚህ ጡንቻዎች ከከሱ፣ የተሰበረው አጥንት ቢገጥምም እንኳ ትከሻው ሥራውን አይሠራም። የማገገሚያው ልፋት ሁሉ የሚያነጣጥረው እነሱ ላይ ነው።

የሚደርሱት ጉዳቶች በዋናነት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የአግዳሚው አጥንት ስብራት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው መካከሉ ላይ ነው። ሁለተኛው አግዳሚው አጥንት ከትከሻ ጫፍ ጋር የሚገናኝበት ትንሽ መገጣጠሚያ መላቀቅ ሲሆን፣ የሚከሰተው ጅማቶቹ ሲለጠጡ ወይም ሲበጠሱ ነው። ሐኪሞች ይህን ጉዳት በስድስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ አንደኛውና ሁለተኛው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናሉ፣ ከአራተኛው ጀምሮ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋሉ፣ ሦስተኛው ላይ ግን ሐኪሞች ራሳቸው ይከራከራሉ። ሦስተኛው ጉዳት የትከሻ ውልቃት ነው፤ የክንዱ አጥንት ራስ ከጎድጓዳው ይወጣል፣ በአብዛኛውም የሚወጣው ወደ ፊት ነው።

እነዚህን በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። ራጅ ያስፈልጋል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ወጌሻ ማንሳት ስላለብኝ ነው።

በአገራችን ትከሻው የወለቀ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ ለዘመናት ሕዝብን ያገለገለ፣ እጁ የለመደ ባለሙያ ነው፤ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን የወለቀ ትከሻ አብሮት የተሰበረ አጥንት ሊኖረው ይችላል፤ ይህን ሳያውቁ መሳብ ስብራቱን ያባብሰዋል፣ በብብት በኩል የሚያልፉትን ነርቮችና የደም ሥሮችም ሊጎዳ ይችላል። ስብራትን አጥብቆ ማሰርም ደም እንዳይዘዋወር ያግዳል፤ በዚህ ምክንያት እጃቸውንና እግራቸውን ያጡ ሰዎች በሆስፒታሎቻችን ይታወቃሉ። ስለዚህ ቅድሚያ ራጅ፤ ከዚያ ሌላው።

[ምስል፦ አንድ ሰው ነጠላ በሦስት ማዕዘን አጥፎ የሌላውን ክንድ ሲያንጠለጥል]

አደጋው ቦታ ላይ ሳላችሁ ክንዱን ከሰውነት ጋር አስጠግታችሁ በነጠላ ወይም በሻርፕ አንጠልጥሉት። ለመመለስ አትሞክሩ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከገረጡ፣ የክንዱ ውጫዊ ጎን ከደነዘዘ፣ የተሰበረው አጥንት ቆዳውን ወጥሮ ሊበሳው ከደረሰ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ጭንቅላት ተመትቶ ራስን መሳት ካለ አንድ ሰዓት እንኳ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሐኪም ካያችሁ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትዕግሥት ይጠይቃሉ። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እየያዙ ማንሳት እብጠቱንና ሕመሙን ያበርዳል። በእነዚህ ቀናት መታሸትና በሙቅ ነገር መተኮስ አይመከርም፤ እብጠቱን ይጨምራል።

ከሁሉ የሚከብደው ሌሊቱ ነው። ጠፍጣፋ ተኝቶ ማደር ስለማይቻል ጀርባን በትራስ ከፍ አድርጎ፣ ከክርኑ ሥር ሌላ ትራስ ደግፎ፣ ከፊል ተቀምጦ መተኛት ይሻላል። ክርኑ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ማድረግ ነው ዋናው ነገር። ልብስም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ያዘጋጁ። ሲለብሱ የተጎዳው ክንድ ቀድሞ ይገባል፣ ሲያወልቁ የተጎዳው ክንድ መጨረሻ ይወጣል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን በየቀኑ ጠዋትና ማታ ከሚመጣ የሚያስጮኽ ሕመም ያድናል።

ክንዱ ተንጠልጥሎ እያለም ሥራ አይፈታም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣቶችን መጨበጥና መዘርጋት፣ የእጅ አንጓን ማዞር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ካልከለከለ ክርንን ማጠፍና መዘርጋትም እንዲሁ። ይህ ካልተደረገ ከትከሻው ጋር ክርኑም ይደርቃል።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ተደግፎ ያጎነበሰ ሰው፤ የተጎዳው ክንድ ወደ መሬት ተንጠልጥሏል]

ቀጥሎ የሚመጣው ከትከሻው ራሱ የሚጀመረው እንቅስቃሴ ነው። መቼ እንደሚጀመር የሚወስኑት የጉዳቱ ዓይነትና ሐኪሙ ናቸው፤ ቀላል ለሆነው በቀናት ውስጥ፣ ለከባዱ ከሳምንታት በኋላ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ በደህናው እጅ ጠረጴዛ መደገፍ፣ ወገብን ማጎንበስ፣ የተጎዳውን ክንድ ለቀቅ አድርጎ ማንጠልጠል። ከዚያ ሰውነትን በዝግታ እያወዛወዙ ክንዱ በራሱ ክብደት ትንሽ ክብ እንዲሠራ መተው። ክንዱን በጡንቻ አትግፉት፤ የሚወዛወዘው ሰውነታችሁ ነው፣ ክንዱ ይከተላል። ሲለመድ ጣቶችን በግድግዳ ላይ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ማስኬድ ይከተላል። ዛሬ የደረሳችሁበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ መሻሻሉ በዓይን ይታያል፣ ያበረታታልም።

ለብዙ ሳምንታት ፈጽሞ ያልተንቀሳቀሰ ትከሻ ዙሪያውን የሸፈነው ስስ ከረጢት ወፍሮና ተኮማትሮ ሊደርቅ ይችላል። ይህ ሲሆን ፀጉር ማበጠር፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ማውረድ ከባድ ይሆናል፤ እስኪለቅም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ፈርተው ክንዳቸውን የሚያሳርፉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። በእንቅስቃሴ ጊዜ መወጠርና መጠነኛ ሕመም ያለ ነገር ነው። የሚወጋና ሌሊቱን ሙሉ የሚቆይ ሕመም ከመጣ ግን መጠኑ በዝቷል ማለት ነው፤ በቀጣዩ ቀን ቀንሱ።

እንቅስቃሴው ሲመለስ በላስቲክ መጎተቻ ጡንቻን ማጠንከር ይጀመራል። ክርንን ከጎን አስጠግቶ ክንዱን ወደ ውጭ መሳብ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ። ቀላልና አሰልቺ ነው፤ ያንን ክብ አጥንት በቦታው የሚያቆዩትን አራቱን ጡንቻዎች የሚመልሰው ግን ይህ ነው። ባለሙያ የማግኘት ዕድል ካላችሁ ፊዚዮቴራፒስት ያሳያችሁ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? በአዋቂ ሰው የአግዳሚው አጥንት ስብራት ለመግጠም ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ የበለጠ ይዘገይበታል። አጥንቱ የገጠመበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ሊቀር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም።

[ምስል፦ የተራራ ብስክሌት ውድድር]

እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ግንቦት ወር መጨረሻ በልምምድ ላይ ሳለ መኪና ገጭቶት አግዳሚ አጥንቱ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሁለት ወር ሳይሞላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በተራራ ብስክሌት ወርቅ አገኘ። ድንቅ ነው። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሥራው ማገገም የሆነ፣ በየሰዓቱ ባለሙያ አጠገቡ ያለ አትሌት ነው። ቢሮ ውሎ፣ ታክሲ ተጋፍቶ ማታ ላስቲክ የሚጎትት ሰው በእሱ ቀን መቁጠሪያ ራሱን መለካት የለበትም።

ወደ ብስክሌቱ መመለስን የሚወስነው የትከሻው አቅም ነው። ቆሞ በሚቀር ብስክሌት ላይ ቀና ብሎ ፔዳል መምታት ቀደም ብሎ ይቻላል፤ መሪውን ሳይደገፉ እግርንና ልብን ያሠራል። ውጭ መንገድ ላይ ለመንዳት ግን ሐኪሙ በራጅ አይቶ አጥንቱ ገጥሟል ማለት አለበት፤ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ መነሳት አለበት፤ ያለ ሕመም ፑሽአፕ መሥራትና ፍሬን አጥብቆ መያዝ መቻል አለበት። ከዚያም ቢሆን መጀመሪያ ጠፍጣፋ አስፋልት፣ ቀጥሎ ለስላሳ የአፈር መንገድ ነው። ድንጋያማው ቁልቁለት መጨረሻ ይመጣል፤ አሞርዛተሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የቀረው ንዝረት በመዳፍ ገብቶ የሚያርፈው ትከሻ ላይ ነውና።

ትከሻቸው የወለቀባቸው ወጣቶች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለባቸው። ዕድሜ ባነሰ ቁጥር እንደገና የመውለቁ ዕድል ከፍ ይላል፤ በየወለቀ ቁጥርም ጎድጓዳውን የከበበው ለስላሳ አጥንት መሰል ጠርዝ እየተጎዳ ይሄዳል። ሁለተኛ ጊዜ ከወለቀ፣ ወይም ክንድን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሲወስዱ «ሊወጣ ነው» የሚል ስሜት ካለ፣ ቁልቁለቱን ትታችሁ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁት።