ሳይቀቀል የሚበላው የታይዋን ኑድል፦ ከእሽጉ እስከ ማርሽማሎ

[ድምፅ፦ የኑድል እሽግ በመዳፍ ሲሰባበር]

ሰማችሁት? እንደገና ስሙት። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ። ታይዋን ውስጥ ይህ የትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ድምፅ ነው።

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ኑድል ነው፤ ግን ድስት የለም፣ ውኃ የለም፣ ሹካ የለም። እሽጉን ትከሰክሳላችሁ፣ ቅመሙን ትነሰንሳላችሁ፣ ትንጣላችሁ፣ በጣት ትበላላችሁ። አለቀ። ቪዲዮው ግን አላለቀም፣ የት ልትሄዱ ነው?

ሁለት ስም ያዙልኝ። አንደኛው «ዋንግዝ ምየን»፣ የልዑል ኑድል፤ ቬ ዎንግ የተባለው ኩባንያ በ1970 ያወጣው። ሁለተኛው «ከሹዌ ምየን»፣ የሳይንስ ኑድል፤ ዩኒ ፕሬዚደንት በ1978 ያወጣው። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትከራከሩኝ። ሁለቱም ትንንሽ እሽጎች ናቸው፣ 40 ግራም ገደማ፣ ውስጣቸው አንዲት የቅመም ከረጢት። ያኔ በእነሱ ኪሱን ያራቆተው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ በናፍቆት በካርቶን ይገዛል። ደግሞስ ታይዋን ከፈጣን ኑድል ጋር ዝምድናዋ የሩቅ አይደለም፦ በ1958 ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያውን ፈጣን ኑድል፣ ቺክን ራመንን፣ ለገበያ ያቀረበው ሞሞፉኩ አንዶ የተወለደው በ1910 ታይዋን፣ ጅያዪ ነው። ጃፓኖችም ቢሆኑ ቤቢ ስታር የሚባል ተቆርጣሚ ኑድል አላቸው፤ ከታይዋኖቹ ይቀድማል። ለእኔ ግን አንደኛው የሳይንስ ኑድል ነው። የጃፓኑ ተሰባብሮ ነው የሚመጣው። ራሳችሁ ካልከሰከሳችሁት ምኑ ደስ ይላል?

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ድርቆሽ።

አዎ፣ ድርቆሽ! እንጀራ ተረፈ፣ ተቆራረጠ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ ደረቀ። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ዱባይ ይሄዳል፣ ዋሽንግተን ይሄዳል፣ ቴል አቪቭ ይሄዳል። ቁሌቱ ሲደርስ ይገባበታል፣ ፍርፍር ይሆናል። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ድርቆሽ ጥሬ ነው? አይደለም። ምጣድ ላይ በስሎ ነው የወጣው። የጎደለው ውኃው ብቻ ነው። አሁን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ቁሌቱ እስኪደርስ እጁን ሰብስቦ የሚጠብቅ ልጅ አለ? የለም! ከሰፌዱ ላይ እያነሳ ይቆረጥማል። እናት «ተዉ፣ ያልቃል» ትላለች። አይተዉም። የታይዋን ልጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ቁሌቱን ሳይጠብቁ ከሰፌዱ አነሱ። ኩባንያዎቹ ደግሞ ሌባውን ከመቆጣት ይልቅ ለሌባ የሚመች እሽግ ሠሩለት። ብልጦች!

ልዩነቱ አደራረቁ ላይ ነው። ድርቆሽ በፀሐይ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ኑድል የሚደርቀው በዘይት ነው፣ በፍጥነት። ሊጡ ተዳምጦ በቀጭኑ ይቆረጣል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ከ140 እስከ 160 ዲግሪ በሞቀ ዘይት አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠበሳል። ውስጡ ያለው ውኃ ተን ሆኖ ሲወጣ ቀዳዳ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ኮሽ የሚያሰኘው ያ ቀዳዳ ነው፤ ኋላም ውኃ በደቂቃ የሚያስገባው ያው ቀዳዳ ነው። ይኸው፣ ሳይንሱ ይሄ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የማሳያችሁ ሁሉ የውኃ ጉዳይ ነው፤ ምንም፣ ትንሽ፣ ወይም ብዙ።

ወደ አሠራሩ ልሄድ ነበር፤ ግን ገና ኑድል የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ጥሬ ኑድል ሆድ አያሳምምም? ውስጥ ገብቶ አያብጥም? ሰም የተቀባ ነው ይባላል።» እሺ። ዛሬ እንጨርሰው።

ጥሬ ነው የሚለው፣ አይደለም። ሁለት ጊዜ በስሏል፤ አንዴ በእንፋሎት፣ አንዴ በዘይት። ሰም የሚባለው ደግሞ ሰም የለም፣ የሚያብለጨልጨው ዘይቱ ነው። ያብጣል? እርጥበት ይጠጣል እንጂ 40 ግራም ኑድል አብጦ የትም አይደርስም። ሦስት እሽግ በልታችሁ አንድ ሊትር ውኃ ብትጠጡበት ሆዳችሁ ይነፋል፤ በዚያ ላይ ጥፋቱ የኑድሉ አይደለም።

ነገር ግን! ይቺን ጠንቀቅ ብላችሁ ስሙኝ። ይህ የሚሠራው ለተጠበሰ ኑድል ብቻ ነው። ፓስታ ጥሬ ነው። ማካሮኒ ጥሬ ነው። በአየር ብቻ የደረቀ ኑድልም አለ፤ እሱ ስትቆረጥሙት ጥርስ ያወልቃል። እንዴት ትለያላችሁ? እሽጉ ጀርባ ላይ የኑድሉን ይዘት አንብቡ። ከስንዴ ዱቄቱ ቀጥሎ የፓልም ወይም ሌላ ዘይት ካለ የተጠበሰ ነው። ዘይት ከሌለ ለድስት ተዉት። መስጋት ካለባችሁ ደግሞ ስጋታችሁ ስለ ጨዉና ስለ ዘይቱ ይሁን፤ ከኑድሉ ክብደት አምስተኛው ያህል ዘይት ነው፣ ጨዉ ደግሞ ከረጢቷ ውስጥ ተጠራቅሟል። ጾመኞችም ከረጢቷን አንብቡ፤ የዶሮ ወይም የወተት ዱቄት የሚገባባት ብዙ ናት። ጨረስን? ጨረስን።

አሁን አከሳከሱ። የሳይንስ ኑድል ካላገኛችሁ እዚያው ሰፈራችሁ ሱቅ ያለው ኢንዶሚ ይሆናል። መጀመሪያ የእሽጉን ጥግ ትንሽ ቅደዱና አየሩን አስወጡ። ሳይከፈት የተጫነ እሽግ በጎኑ ይፈነዳል፣ ኑድሉን ከምንጣፍ ላይ ትለቅማላችሁ። የቅመም ከረጢቷን አውጡ። ከዚያ በመዳፍ ተጫኑ፤ በቡጢ አትምቱ። የምትፈልጉት ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያለው ስብርባሪ ነው። ቡጢ ዱቄት ያደርገዋል፣ ዱቄቱም ቅመሙን ሁሉ ይዞ ከታች ይቀመጣል፣ የላዩ አልጫ ሆኖ ይቀራል።

ቅመሙ። የ40 ግራሙ ከረጢት ለደረቁ ተብሎ ስለተለካ ሁለት ሦስተኛውን ጨምሩና ቅመሱት። የ70 ግራም ኢንዶሚ ቅመም ግን ለሾርባ የተለካ ነው፤ ከሲሶው ጀምሩ፣ ከግማሹ አትለፉ። ከረጢቷን ትታችሁ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ብትነሰንሱም ማንም አይከሳችሁም። ከእሽጉ ሲሶው ባዶ ይሁን፣ አፉን ጠምዝዛችሁ ያዙ፣ ሃያ ጊዜ ያህል ናጡት።

«ቅመሙ አልያዘም» ትላላችሁ። አይይዝማ፣ ዘይቱ ረግቷል! ከመቀመማችሁ በፊት ኑድሉን በደረቅ መጥበሻ፣ በትንሽ እሳት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቁት። ዘይቱ ለስለስ ሲል ቅመሙን ይጨብጣል። እርጥበት ገብቶት የለዘዘም በዚሁ ይነቃል። አሮጌ ዘይት የሚሸት ከሆነ ግን ሙቀት አያድነውም፣ ጣሉት።

ውኃ በብዛት የሚገባበት አሠራር ደግሞ «ሉ ወይ» የሚባለው ነው። ታይፔ ውስጥ፣ ለምሳሌ ሽዳ የሌሊት ገበያ ብትሄዱ፣ ቶፉውንና አትክልቱን በቅርጫት መርጣችሁ ትሰጣላችሁ፣ ሻጩ በጠቆረው መረቅ ይቀቅልላችኋል። በመጨረሻ ኑድል ምረጡ ስትባሉ እነዚያው የልጅነት ኑድሎች፣ ልዑሉም ሳይንሱም፣ እዚያ ናቸው። ቀጭን ስለሆኑ መረቁን ቶሎ ይስባሉ።

ለቤት፦ አንድ ሊትር ውኃ፣ 120 ሚሊ ሊትር ሶያ ሶስ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቡናማ ስኳር፣ አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አራት ስስ ቁራጭ ዝንጅብል፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ሁለት ፍሬ ስታር አኒስ የሚሉት ባለኮከብ ቅመም። ሃያ ደቂቃ በዝግታ ይንተክተክ። ኑድሉን ትልቁ ድስት ውስጥ እንዳትከቱ! ስታርቹ መረቁን ያደፈርሰዋል፣ ለነገ አይሆናችሁም። በጭልፋ ወደ ትንሽ ድስት ቀንሱና እዚያ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ፣ ከዚያ ወዲያው አውጡ። የሰሊጥ ዘይት ጠብ፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ቃሪያ። በእኔ ሚዛን ከሁሉም ይሄ ይበልጣል።

ትንሽ ውኃ፦ የተከሰከሰው ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውኃ፣ ክዳን፣ አንድ ደቂቃ። ሁለት እንቁላል ምቱበት፣ ጥበሱት። ግማሹ ለስላሳ፣ ግማሹ ቆርጠም ይላል። ለቁርስ ነው።

ወደ ጣፋጩ ስንመጣ፣ «ሹዌኋ ሱ» የሚሉት የታይዋን ጣፋጭ በብስኩትና ማርሽማሎ በሚሉት ለስላሳ ከረሜላ ይሠራል፤ ብስኩቱን በኑድል ቀይሩት። 150 ግራም ማርሽማሎ፣ 45 ግራም ቅቤ፣ 45 ግራም የወተት ዱቄት፣ 130 ግራም የተከሰከሰና ያለ ቅመም የሞቀ ኑድል፣ 50 ግራም ኦቾሎኒ። የገበታ ቅቤ ይሁን፤ የተነጠረው በኮረሪማው ያስታውቅባችኋል። ቅቤው በማይዝ መጥበሻ፣ በትንሹ እሳት ይቅለጥ፣ ማርሽማሎው ይግባ። ቅርጹ እንደጠፋ የወተት ዱቄቱን አዋህዱና እሳቱን አጥፉ። ኑድሉና ኦቾሎኒው የሚገቡት እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ማርሽማሎው ብዙ እሳት ካገኘው ውኃው ያልቅና ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል፤ ያ ከሆነ መመለሻ የለውም። ፓትራ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ፣ በሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ጠቅጥቁት፣ አርባ ደቂቃ ይረፍ፣ ቁረጡት። ቶሎ ከቆረጣችሁት ቢላው ላይ ይለጠፋል።

አንድ ነገር፦ ማርሽማሎ ጄላቲን አለው፣ ጄላቲኑም ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ «የከብት» ወይም «ሐላል» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ባሕረ ሰላጤ ያላችሁ በቀላሉ ታገኛላችሁ። የተቆረጠውን አየር በማያስገባ ዕቃ ክደኑ፤ ክፍት ካደረ ስኳሩ እርጥበት ይስብና ኑድሉ ይለዝዛል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ እጃችሁ ላይ ቅመም ካለ በክርናችሁም ቢሆን ንኩት። ቀጣዩ ቪዲዮ ስለ መረቁ ነው፤ ለሁለተኛ ቀን ሲቀመጥ ምን እንደሚጨመርበት።